የአሥራ ሁለተኛው ሰው ወንበር

ሰኞ
ዛሬም አልሞላም። ለጸሎተ ሐሙስ በካቶሊክ ቤተክርስቲያናችን እግራቸው የሚታጠብ አሥራ ሁለት ወንዶች ያስፈልጋሉ፤ የተገኙት አሥራ አንድ ናቸው። አሥራ ሁለተኛው ገብሬ ነበር። ባለፈው ወር ከአጋሮ ሲመለስ አፈሳ ላይ ተይዞ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። ሌሎቹ ወጣቶች ቀበሌ እንዳያያቸው ፈርተው ቤተክርስቲያን አይደርሱም። እኔ ሕፃናቱን አስተምራለሁ፣ የመንበሩን ልብስ አጥባለሁ፣ ውሃና ፎጣ አቀርባለሁ። ይህን ስሠራ ስምንት ዓመቴ ነው። ሰው ሲቆጠር ግን የለሁበትም።

ማክሰኞ
የቤተክርስቲያኑ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ አፌ አላርፍ አለ። በገብሬ ቦታ እናቱ ይቀመጡ አልኩ። የኮሚቴው ሊቀመንበር ደምሴ (አቶ ማለት አቃተኝ) ሐዋርያት ወንዶች እንደነበሩ እንደ ሕፃን አስረዳኝ። ሴት በሕዝብ ፊት እግሯን ማጋለጧ ነውር ነው አለ። ይህን እኩልነት ከቀበሌ ሴቶች ማኅበር ነው ያመጣሽው ሲለኝ የተሰበሰቡት ሳቁብኝ። ቄሳችን አባ ተክሌ መሬት መሬት እያዩ፣ ሥርዓቱ አይፈቅድም አሉ፣ በቀስታ። ከሁሉም ያናደደኝ ያ ቀስታቸው ነው።

ረቡዕ
ለገብሬ እናት ለእማማ አስካለ በስብሰባው የተባለውን ነገርኳቸው። ባልነገርኳቸው ይሻል ነበር። መጋዘን ውስጥ ቡና ሲለቅሙ ውለው እግራቸው አብጧል። ከልጃቸው ደብዳቤ መጥቶ እንደሆነ ብቻ ጠየቁኝ። አልመጣም።

ሐሙስ
አሥራ አንዱ ተቀምጠው አንድ ወንበር ባዶ ነበር። እማማ አስካለ ከሴቶቹ መካከል ተነሥተው መጡ፣ ጫማቸውን አወለቁ፣ ተቀመጡበት። ደምሴ ክንዳቸውን ይዞ ሊያስነሣቸው ሞከረ።
«ሂን ታኡ፣ አይሆንም» አሉት። «ልጄ እስኪመጣ ቦታውን እይዝለታለሁ።»
አባ ተክሌ አሥራ አንደኛውን አጥበው ቀና አሉ። አዩዋቸው። ከዚያ ዞረው ወደ መንበሩ ሄዱ። ጆጉ እኔ እጅ ላይ ነበር። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ተንበርክኬ የእማማ አስካለን እግር አጠብኩ። ከኋላ አንዱ «ይቺን አስወጧት» አለ። ብዙዎች ጥለው ወጡ።

ዓርብ
ስግደት ላይ ከጎኔ የቆመ የለም። ደምሴ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ተቀበለኝ፤ ከእንግዲህ ሕፃናቱንም አታስተምሪም አለኝ። አባ እዚያው ቆመው እየሰሙ መጽሐፋቸውን ገለጡ። ጠላኋቸው። በስቅለት ቀን ሰው መጥላት ኃጢአት መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ጻፍኩት።

ቅዳሜ
ጠዋት አባ ተክሌ በቾ ቦሬ ሰፈር እስካለው ቤቴ ድረስ በእግራቸው መጡ። ግቡ ብላቸው እምቢ አሉ።
«ፈርቼ ነው» አሉኝ ደጅ ቆመው። «ሐሙስም ትናንትም ፈርቼ ነው።»
ቁልፉን ግን አላመጡልኝም። ይቅርታ ነው ወይስ ራሳቸውን ማጽናናት፣ አልለየሁትም። ለትንሣኤው ቅዳሴ ትመጫለሽ ወይ ሲሉኝ፣ ከእማማ አስካለ ጋር እንደምመጣና ከፊት እንደምንቆም ነገርኳቸው። ጋቢያቸውን ሰብስበው ሄዱ። እነ ደምሴ በር ላይ ይመልሱን ይሆናል። ነጠላዬን አጥቤ አስጥቻለሁ፣ እስከ ማታ ይደርቃል።