የአደጋ ጊዜ ዘመድ

ሊንደን፣ ኮሎምበስ
ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም.

ይድረስ ለደጀን፣

እንዴት ከርመሃል? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። ስልክ ያልደወልኩልህ ኩርፊያው ስላልወጣልኝ አይደለም። ድምፅህን ስሰማ ቶሎ ስለምናደድ፣ የምነግርህን ሳልጨርስ እንዳልዘጋብህ ፈርቼ ነው።

ማክሰኞ ዕለት ከሥራ ገብቼ ማስኬን እንኳ ሳላወልቅ ከቴክሳስ ተደወለልኝ። አንዲት ሴት፣ አንተ ካለህበት ከተማ፣ ከአደጋ መከላከያ ቢሮ ነው የምደውለው አለችኝ። ዘንድሮ በኮሮና ምክንያት፣ የባሕር ማዕበል ሲመጣ ሰውን እንደ ድሮው አዳራሽ ውስጥ ማጨቅ አይቻልም፤ ሌላ ስቴት ዘመድ ያለው ካሁኑ እየተመዘገበ፣ ማዕበሉ ሲነሳ ወደ ዘመዱ ይሄዳል። አንተም ዘመዴ ብለህ የእኔን ስም ሰጥተሃል። እንዳልረሳኸኝ ከሦስት ዓመት በኋላ የሰማሁት ከመንግሥት ነው።

"ምኑ ነሽ?" አለችኝ።

"ሚስቱ ነኝ።"

"ላስት ኔማችሁ ግን አይገጥምም።"

እኛ አገር ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትጥልም ብዬ ባስረዳትም ጠረጠረችኝ። አብራችሁ ነው የምትኖሩት ስትለኝ፣ ለሥራ ወጣ ብሎ ነው አልኳት። ሉዊስ ሴንተር የሚባለው ሰፈር ቤት እንግዛ አንግዛ ተባብለን ተጣልተን፣ ለሦስት ወር ትራክ ልንዳ ብለህ በዚያው መቅረትህ ለባዕድ ሰው አይነገርም።

ከዚያ ስለ ቤቱ ጠየቀችኝ። የታመመ የለም፣ ለብቻው የሚሆን ክፍልም አለ አልኳት። ከመጣ ሁለት ሳምንት ተለይቶ ይቀመጣል፣ ምግቡን በር ላይ ታስቀምጪለታለሽ፣ እንዳትቀራረቡ አለችኝ። ሳቄ መጣ። አንድ ቤት ውስጥ ተዘጋግቶ መኖርን እኛ እኮ ያለ መንግሥት ትእዛዝ ችለንበት ነበር።

ስልኩን ዘግቼ ግን አለቀስኩ። የኋላውን ክፍል ጠረግኩ፣ አንሶላ ቀየርኩ። ካልሲህን አልጋው ሥር አገኘሁትና አጥቤ አሰጣሁት። ናፍቀኸኛል ደጀን። ይህን ለማለት ነው ሦስት ዓመት ሙሉ አፌ እምቢ ያለኝ።

አሁን የቸገረኝ ሌላ ነገር ነው። ሴትዮዋ፣ እሱ የሚመጣው ማዕበል ከተነሳ ብቻ ነው ብላኛለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ዓይኔ ከአየር ትንበያው አይነቀልም። ትናንት ባሕሩ ላይ ደመና እየተሰበሰበ ነው ሲሉ ደስ አለኝ፤ ማታ ተበተነ ሲሉ ከፋኝ። የዚያ ሁሉ ሕዝብ ቤት ትዝም አላለኝ። ዛሬ በዙም ስንጸልይ ፓስተሩ በባሕር ዳርቻ ላሉ ወገኖች ጌታ ማዕበሉን ይመልስላቸው ሲል፣ ሁሉም አሜን አለ፤ እኔ ዝም አልኩ።

እባክህ ማዕበል አትጠብቅ። የሰው ቤት እንዲፈርስ እየተመኘሁ እንድኖር አታድርገኝ። ዝም ብለህ ና።

ጌታ መንገድህን ያቅናልህ፤ ስትነዳ እንቅልፍ አይጣልህ።

ሚስትህ
ስመኝ