የራሴን ልብ ስቆጥር

ለወንድሜ ለኤቫሪስቶ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? የባሕሩ ነፋስ ጆሮህን ዳግመኛ አላሳመመህም ወይ? ሚስትህ ሊዮካዲያ ደህና ናት? ትንሿ ልጃችሁ ፓስኩዋላስ ጥርስ አወጣች? እኔ ደህና ነኝ። ይህን የምልህ ለወግ ያህል አይደለም። ደህና መሆኔን ከራሴ ሰምቼ ነው፤ እንዴት እንደሰማሁ ልጽፍልህ ነው የተቀመጥኩት። ተቆጥቼ እንደምጽፍ ግን ከወዲሁ እወቀው።

ማክሰኞ ዕለት አክስት ኩካ ወረቀቱን ሰጠችኝ። አኔክሶ ወደሚሉት፣ ሱሰኛን በግድ ወደሚዘጉበት ወደዚያ ቤት እንድመለስ እንደገና ፈርመሃል። "በወሩ መጨረሻ መኪናዋ ትመጣለች፤ ለአንቺው ብሎ ነው" አለችኝ፣ ዓይኔን ላለማየት ሽንኩርቷ ላይ አቀርቅራ። ባለፈው ጊዜ ልብስ ሳሰጣ አራት ሰዎች እጅና እግሬን ይዘው ፒካፕ ላይ ሲወረውሩኝ ጎረቤቱ ሁሉ ያይ ነበር። አንተ አላየህም። አንተ የላክኸው ፊርማህን ነው።

ክሪስታል የሚሉትን ዕፅ ማጨሴን አልክድም። የነርስነት ሥራዬን ያሳጣኝ እሱ ነው። ባቡሩ ሲመጣ እያየሁ ሞተር ብስክሌትህን በሐዲዱ ላይ ያሻገርኩትም እኔው ነኝ። ያን ቀን "አንቺ እኮ ፍርሃት የሚባል አልፈጠረብሽም" አልከኝ። እኔም ድፍረት መስሎኝ ሳቅሁ።

እዚያ ቤት አዛዡን "የክርስትና አባት" ብለን እንድንጠራው እንገደዳለን። ሕጉም አንድ ነው፤ ሰውነትሽ የሚነግርሽ ሁሉ ውሸት ነው። አንዷ ጠማኝ ያለች እንደሆነ "ዕፁ ነው የሚናገረው" ይላል፤ ሁላችን እናጨበጭባለን። ከጎኔ የምትተኛ ሚርና የምትባል ጫማ ሰፊ ነበረች። አንድ ቀን በየተራ የምንናዘዝበት መድረክ ላይ ወጥታ ቀኝ ጎኗን ከታች ይዛ አመመኝ አለች። እሱም "ስሙ፣ ዛሬ ደግሞ ዕፁ ከሆድ ውስጥ ሊሰብክ ነው" አለና አሳቀባት። እኔ ነርስ ነኝ ኤቫሪስቶ። ትርፍ አንጀት እንዴት እንደሚያጎብጥ አውቃለሁ። ግን ሁለት ወር ሙሉ የገዛ አካሌን እንዳላምን ሲነገረኝ ከርሞ የእሷንም ማመን ትቼ ነበር። አጨበጨብኩ። በአራተኛው ቀን ሞተች። እሱም ነገር እንዳይበዛበት ግማሾቻችንን በየቤታችን ሰደደን።

ከዚያ ወዲህ በየሐሙሱ የዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ ዶክተር ኦብዱሊያ ዘንድ እሄዳለሁ። ማንም አይጎትተኝም። መጀመሪያ ቀን ጣቴ ላይ መሣሪያ አሰረችና "እጅሽንም አንገትሽንም ሳትነኪ፣ ከውስጥ የምትሰሚውን ምት ብቻ ቁጠሪ" አለችኝ። በደቂቃ መሣሪያው ሰባ ስድስት ሲቆጥር እኔ ሃያ ዘጠኝ አልኩ።

"የሰው ልብ ስትቆጥሪ ኖረሽ የራስሽን ከግማሽ በላይ ጣልሽው?" አለችኝ እየሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ቀጥላ ካርታ አስጫወተችኝ። ከአራቱ ክምር ሁለቱ መጀመሪያ ብዙ ገንዘብ ይሰጡና ኋላ ሁሉን ይነጥቃሉ። ብዙ ሰው ምክንያቱን ሳያውቀው ገና ወደ መጥፎው ክምር ሲዘረጋ መዳፉ ያልበዋል አለችኝ። የእኔ መዳፍ ፀሐይ እንደዋለበት ቆዳ ደረቅ ነበር፤ እየተነጠቅሁ ደጋግሜ ወደዚያው ዘረጋሁ። ባቡሩ ትዝ አለኝ። ለካስ ደፋር አልነበርኩም። ልቤ እየጮኸ እኔ አልሰማሁትም። አንተ ደግሞ የቀረችኝን ጆሮ እንዲደፍኑልኝ ፈረምክ።

ባለፈው ሐሙስ ከሰባ አራት ስልሳ አንዱን ሰማሁ። ዕፁ አሁንም ያምረኛል፣ አልዋሽህም። ሲያምረኝ ግን አሁን ደረቴ ቀድሞ ይነግረኛል፤ ተነስቼ ከቤት እወጣለሁ።

አልመለስም። ስለ ሚርና ለዐቃቤ ሕግ ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ ስምህ ያለበትን ወረቀት ቅጂም አያይዣለሁ። ዋናውን እዚህ ፖስታ ውስጥ ታገኘዋለህ። አልቀደድኩትም፤ የፈረመው እጅ ይሰርዘው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ደቂቃ ተቀመጥና፣ ምንም ሳትነካ፣ የራስህን ቁጠር። ስንት እንደሰማህ ጻፍልኝ።

ሊዮካዲያን ሰላም በልልኝ፤ በእሷ ቂም የለኝም። አክስት ኩካም ሰላም ብላሃለች፤ መኪናዋ ብትመጣ በሩን ከውስጥ እኔው እይዛለሁ ብላለች። ፓስኩዋላን ሳምልኝ። አፏን ፈትታ "አመመኝ" ያለችህ ቀን እመናት።

እህትህ ኔሬይዳ
ሊዮን፣ ማርች 14 ቀን 2019