ሮኪን ጣቢያ ላይ “ይቅደሙ”

ውድ የልጅ ልጄ ረሆቦት፣ ጌታ በኦስሎ ብርድ መሐል በክንፉ ይሸፍንሽ፤ አንቺማ ካልሲ መልበስ አትወጂም። እናትሽ ደኅና ናት፤ እኔም እንደ ወትሮው በቁንጅና እበልጣታለሁ።

እሑድ በከተማው ሰሜን፣ ኖርድ ወዳለው ጸሎት ቤታችን ብቻዬን ልሄድ ሮኪን ሜትሮ ጣቢያ ደረስኩ። መሬት ውስጥ ጠልቆ የሚወርደው ተንቀሳቃሽ ደረጃ አፍ ላይ ቆሜ፣ የመጣውን ሁሉ “ይቅደሙ፣ ይቅደሙ” እላለሁ። አምስተርዳም በሙሉ ቀደመኝ! ለሰው ጨዋነት መሰለ እንጂ ደረጃውን መርገጥ ፈርቼ ነበር። አምልኮው አመለጠኝ።

ድሮ ክንዴን ይዘሽ “አባባ፣ በቃ እርገጥ!” ስትይኝ፣ “ሽማግሌ አንተ ይባላል?” ብዬ ስቆጣሽ፣ ሳይታወቀኝ ታች እንደርስ ነበር። ያ ቁጣ ናፈቀኝ።

ጌታ እንደ ስምሽ ያስፋሽ። ለፋሲካ ብቅ በይና አንዴ አውርጂኝ፤ መውጣቱን እኔው እችላለሁ።

አያትሽ ሙሉነህ