የካምፎሯ ከረጢት

ልጄ ኦስቫልዶ፣ የሉሃኗ እመቤታችን ማርያም በምትሄድበት ሁሉ ትቅደምልህ። ሳሉ ለቀቀህ ወይ? ደረትህን ሸፈን አድርግ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ የወይኑን ሐረግ ግን ጉንዳን ጨረሰው።

እሁድ ጎረቤታችን ኢርማ የድሮ ሳይንስ ሙዚየም ይዛኝ ሄደች። እዚያ ልጆች ትንንሽ የጨርቅ ከረጢት እየሰፉ፣ ያን ሽታው የሚሰነፍጥ ነጭ መድኃኒት፣ ካምፎሩን፣ ከተው አንገታቸው ላይ ያስራሉ። አስጎብኚዋ እየሳቀች፣ "በፖሊዮው ዓመት እናቶች ይሄ ከበሽታው የሚጠብቅ መስሏቸው ነበር እኮ! ምንም አይሠራም" አለች።

"አንቺ፣ አፍሽን ሰብሰብ አድርጊ!" አለቻት ኢርማ።

ያኔ ከተማው ሁሉ ካምፎር ሲሻማ እኔ ያገኘሁት አንዲት ቁራጭ ብቻ ነበር። ትንሹ አንተ ስለነበርክ ላንተ አሰርኩልህ። እህትህ ኔሊዳ፣ "የኔስ?" አለችኝ። "ነገ" አልኳት። በሳምንቱ ቀበርናት።

አርባ ዓመት እኔ የገደልኳት ይመስለኝ ነበር። ምንም እንደማይሠራ ስሰማ እፎይ ማለት ነበረብኝ፣ አይደል? ግን አንተንም ያተረፍኩህ እኔ አይደለሁማ።

አምላክ ዕድሜህን ያርዝምልኝ፣ ጎጆህን ያሙቅልህ። ስትሄድ ሻንጣህ ውስጥ የከተትኩልህ ያቺ ከረጢት ካልጠፋች ላክልኝ። የኔሊዳ መቃብር ላይ አስርላታለሁ። ነገ ብያት ነበር።

እናትህ ዴልሚራ