ለአባዬ መኪና የሚሆን ፊልትሮ

ሰኞ፣ የካቲት 16

አልገባም። ሦስተኛውም አልገባም! ሦስት የዘይት ፊልትሮ ገዛሁ፣ ሦስቱም ሞተሩ ላይ እንደ ባርኔጣ ቁጭ ብለው ይዞራሉ እንጂ አይይዙም። የምሳ ሰዓቴ በዚሁ አለቀ። ምሳም አልበላሁ። ነጩ ጋውኔ ላይ ደግሞ የዘይት እጅ ታትሞበት ወደ መድኃኒት ቤቴ ተመለስኩና ከሰዓት በኋላ ሙሉ ደንበኞቼ እሱን እሱን ሲያዩ ዋሉ።

ንዴቴ እንዲበርድልኝ ከመጀመሪያው ልጻፈው። አባዬ ስኳር ፋብሪካ በሚሠራበት ዘመን የገዛት ትንሽ ጣሊያን ሠራሽ መኪና አለችው። በቀለሟ ምክንያት ቤተሰቡ ሁሉ ብርቱካን ነው የሚላት። እማዬ ካረፈች ወዲህ ማንም ሳይነዳት ግቢ ውስጥ ቆማ ዶሮ ፈለፈለባት። ካቻምና ወኔ መጣብኝና ጋሽ ገመቹ ጋራዥ አስገባኋት። እሳቸውም ሞተሯን እስከ መጨረሻዋ ብሎን ፈቱት። ቶርኖ ቤት ሄዶ ተሞርዶ መጣ፣ ታጠበ፣ ተገጠመ። አሁን የቀረው ፊልትሮና ዘይት ብቻ ነው። ቅዳሜ ትነሳለች ተብሏል።

ጋሽ ገመቹ አንድ ነገር አስጠንቅቀውኛል። “ሊዱ፣ ይሄ ሞተር ከዚህ በኋላ የሚሞረድ አካል የለውም። አንድ ደቂቃ ዘይት ካጣ አለቀ። እኔም ሁለተኛ አልነካውም” አሉኝ።

ድሮ ቀይሮ ያስቀመጠውን አሮጌ ፊልትሮ አባዬ ራሱ ነው በጋዜጣ ጠቅልሎ “ይኸው ናሙናው” ብሎ የሰጠኝ። በኛ ከተማ ያለ ናሙና መለዋወጫ የሚጠይቅን ሰው ሻጭ ቀና ብሎም አያየውም። ከድር ሱቅ ወሰድኩት። ከድር ጎን ለጎን አቆማቸው፣ በጣቱ አፋቸውን ለካ፣ “ቁርጥ እሱን ነው ዶክተር፣ የጃፓን ፒክአፕ ፊልትሮ ነው” አለኝ። (ፋርማሲስት ነኝ ብዬ ብዬ ደክሞኛል።) ከሌላ ሁለት ሱቅም ገዛሁ። ሁሉም ቁርጥ እሱን ናቸው። ሞተሩ ግን አላወቃቸውም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 17

ጠዋት ጋራዥ ሄድኩ። ጋሽ ገመቹ “አካም ቡልተን” ብዬ ሰላምታዬን እንኳን ሳልጨርስላቸው ፈረዱ፦ “ናሙናው የዚች መኪና አይደለም። እዪ፣ ፊልትሮው የሚታሰርበት ይሄ ብሎን ቀጭን ነው። የፊልትሮው አፍ ሰፊ። አባትሽ የሌላ መኪና ፊልትሮ ነው የሰጡሽ።”

ልክ ናቸው። በዓይኔ አየሁት፣ ጣቴንም አስገብቼ ሞከርኩ።

ራት ላይ ለአባዬ ነገርኩት። ማንኪያውን አስቀመጠ። “የእሷ ነው። ስንት ዓመት በእጄ ስቀይረው የኖርኩትን?” አለ። ከዚያ ትንሽ አሰበና፣ “ቀለበቱን አስገብታችኋል?” አለኝ።

“የምን ቀለበት?”

“የናሱን ነዋ! ሞጆ ያስቀረጽኩትን።”

እንደ እሱ አባባል፣ የመኪናዋ የራሷ ፊልትሮ ከገበያ ሲጠፋ ሞጆ ያለ አንድ ቶርኖ ሠራተኛ የናስ ቀለበት ቀርጾለታል። ውስጡም ውጪውም ጥርስ አለው። መጀመሪያ ቀለበቱ ቀጭኑ ብሎን ላይ ይታሰራል፣ ከዚያ የፒክአፑ ፊልትሮ ቀለበቱ ላይ። ሲያወራው ዓይኑ በራ። ደስ ብሎኝ እዚያው ጋሽ ገመቹ ጋ ደወልኩ። “ቀለበት? ኧረ የለም! ሞተሩን የፈታሁት እኔ፣ ያጠብኩት እኔ። ቀለበት የሚባል ነገር አላየሁም” አሉ።

ስልኩ ድምፁ ከፍ ያለ ነው። አባዬ ሰማ። ማንኪያውን መልሶ አላነሳውም።

ይቺን ለራሴ ነው የምጽፈው፦
እሁድ የቤቱን ቁልፍ ፍሪጅ ውስጥ አገኘሁት።
ባለፈው ሳምንት ሁለቴ አስቴር ብሎ ጠራኝ። አስቴር እማዬ ናት።
የግፊት ኪኒኑን ውጦ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሊደግም ሲል ነው የያዝኩት።
አሁን ደግሞ የሌለ ቀለበት።

ስንቱን ልጅ መድኃኒት ቤቴ ባንኮኒ ላይ ተደግፎ “አባቴ መርሳት ጀመረ” ሲለኝ “አይዞህ” ብዬ ሸኝቻለሁ። አይዞሽ የሚለኝ ማን ነው? ጌታ ሆይ፣ አባዬን አትንካብኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 18

ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ተራ ተቀያይሬ ከሰዓት ሞጆ ሄድኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ፊልትሮ ታቅፌ። ጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ምን ዓይነት ጣሳ እንደሆነ ጠየቁኝና ስነግራቸው “ባልሽ የት ሄዶ ነው?” አሉኝ። ባል የለኝም ብላቸው ይብስ ሊያዝኑልኝ ሆነ፤ ሥራ ላይ ነው ብዬ ገላገልኳቸው።

ይዤው የሄድኩት የቀጭኑን ብሎን ልክ ጭምር ነው፣ በወረቀት ሥዬ። ከከባድ መኪኖቹ መቆሚያ ጀርባ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥ ሰው ዘንድ አንድ አቧራ የጠጣ ፊልትሮ ተገኘ። ይዤ በረርኩ። ጋራዥ ስደርስ ጋሽ ገመቹ አሰሩት፤ ያዘ! እልል ልል ስል “ቆይ” አሉኝ። ፊልትሮው ጠባብ ነው፤ ዳሩ ላይ ያለው ጎማ ሞተሩ ላይ ከተበጀለት ቦታ ወደ ውስጥ ገብቶ ክፍተት ላይ ነው ያረፈው። ዘይቱ በዚያ በኩል ይተፋል ማለት ነው።

“ሲልኮን እንቀባዋለን። ይይዛል” አሉ።

“ካልያዘስ?”

“ይይዛል አልኩሽ እኮ።”

“ጋሽ ገመቹ፣ እኔ ለልብ በሽተኛ ሐኪም ያዘዘውን ትቼ የሚመስለውን ብሰጥ ምን ይሉኛል?”

“አንቺማ የምትሸጪው ለሚከስ ሰው ነው። መኪና የት ሄዳ ትከሳለች?” ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ሲልኮን አይቀባም አልኳቸው፣ ተኮራርፈን ተለያየን። በሳቸው ሞተር እንደ መጣሁባቸው ነው የቆጠሩት።

አንድ ያልጻፍኩት ነገር አለ። ሞጆ ላይ የቶርኖ ቤቱን ፈልጌ ነበር። አባዬ የነገረኝ ቦታ ላይ አሁን ሞባይል የሚጠግኑ ልጆች ናቸው ያሉት። ጎረቤቱን ሁሉ ጠየቅኩ፤ “እዚህ ቶርኖ ኖሮ አያውቅም” አሉኝ። ማታ ክፍሌን ዘግቼ አዲስ አበባ ለሚገኝ የአእምሮና የነርቭ ሐኪም ደወልኩና ለሚቀጥለው ሐሙስ ቀጠሮ ያዝኩ። ለአባዬ አልነገርኩትም። እንደ ሌባ ነው ድምፄን ዝቅ አድርጌ ያወራሁት።

ሐሙስ፣ የካቲት 19

መጥፎ ቀን።

ከሥራ ስመለስ አባዬ ዕቃ ቤቱን ገልብጦ መሐሉ ቁጭ ብሏል። የምስማር ጣሳ፣ የሽቦ ጥቅል፣ የተሰበረ ሬዲዮ። ቀለበቱን ነው የሚፈልገው። ምናልባት እኔው አውጥቼው ይሆናል አለ። ከዚያ ደግሞ፣ አይ አላወጣሁትም፣ መኪናዋ ላይ ነው የነበረው አለ።

“እሺ አባዬ። እንፈልገዋለን፣ እሺ? አሁን ተነስ እጅህን ታጠብ” አልኩት።

ዓይን ዓይኔን አየኝ። “እንደ ሕፃን አታባብዪኝ” አለና ብቻውን ተነስቶ ገባ። በሩን አልወረወረውም፣ ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው። ቢወረውረው ይሻለኝ ነበር።

ከድር ደውሎ “ዶክተር፣ ተገኘ?” አለኝ። “አልተገኘም” አልኩት። “አብሽሪ፣ ይገኛል” አለ። እሱ ስለ ፊልትሮ ነው የሚያወራው።

አርብ፣ የካቲት 20

ዛሬ በደስታ ነው የምጽፈው!

ጠዋት አባዬ ኮቱን ለብሶ፣ ቆቡን አድርጎ ሳሎን ቆሞ ጠበቀኝ። “ጋራዥ ውሰጂኝ” አለ። ልከራከር አልኩና ተውኩት። በባጃጅ ሄድን።

ጋሽ ገመቹ ለኔ ፊታቸውን አጨፈገጉ፣ ለሱ ግን ተነስተው ወንበር አመጡለት። አባዬ ብርቱካንን ዞሮ ዞሮ አያት፣ ጎንበስ ብሎ ቀጭኑን ብሎን ነካካ። “እዚህ ላይ ነበር” አለ። ጋሽ ገመቹ በሱ ጀርባ እኔን አዩኝና ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ያን ጊዜ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ጋሽ ገመቹ አንድ የጭነት መኪና ሥር ሊገቡ ሲሉ፣ ሲተኙ እንዳይወጋቸው ከኪሳቸው የጋራዡን ቁልፎች አወጡ። “ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይያዙልኝ” ብለው ለአባዬ ሰጡትና ገቡ።

አባዬ ቁልፎቹን ጭኑ ላይ አደረገ። ወዲያው በአውራ ጣቱ አንድ ነገር መዳበስ ጀመረ። ዳበሰ፣ ዳበሰ። ከዚያ በጣም በዝግታ፣ “ገመቹ” አለ። “ይቺን ከየት አመጣሃት?”

“የቷን?” ከመኪናው ሥር።

“ቁልፎችህን ያሰርክባትን።”

“እሷንማ ወለሉ ላይ ነው ያገኘኋት። ቆንጆ ናስ ስለሆነች መያዣ አደረግኳት።”

“መቼ?”

የጋሽ ገመቹ ሁለት እግር ብቻ ነው የሚታየኝ። መንቀሳቀስ አቆመ። “ወይኔ!” የሚል ድምፅ መጣ፣ ከዚያ ጭንቅላታቸው ከብረት ጋር ሲጋጭ ሰማሁ። ሲወጡ ግንባራቸውን ይዘዋል። “ወይኔ ገመቹ! ወይኔ! እቺ መኪና የገባች ሰሞን ነው!”

ሁለት ዓመት ሙሉ ቀለበቱ ኪሳቸው ውስጥ ነበር! ጠዋት በሱ ጋራዡን ይከፍታሉ፣ ማታ በሱ ይዘጋሉ፣ ማክሰኞ በስልክ “አላየሁም” ሲሉኝም ኪሳቸው ውስጥ ነበር። ያኔ መኪናዋ ላይ የነበረውን ፊልትሮ ሲያወጡ ቀለበቱ ተከትሎ ወጥቶ መውደቁ ነው።

ከሽቦው ፈትተው ለአባዬ ሰጡት። ብሎኑ ላይ ያሰረው እሱ ነው፣ በጣቱ፣ ጥርሱን ሳይስት። ከዚያ አዲሱን ፊልትሮ ጎማውን ዘይት ቀብቶ አስከተለ። እስኪነካ በእጁ አዞረ፣ ቀጥሎ ትንሽ ጨመረ። ጋሽ ገመቹ መፍቻ ሊያቀብሉት ሲሉ “በእጅ ነው፣ በመፍቻ አይጠብቅም” አላቸው። እሺ ጋሼ አሉ። የሠላሳ ዓመት መካኒክ እንደ ተማሪ ቆመው።

እኔ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ የጋራዥ ሽንት ቤት የሚለቀስበት ቦታ አይደለም ግን ምን ላድርግ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 21

ተነሳች!

ጋሽ ገመቹ መጀመሪያ ካንዴላዎቹን አውጥተው ሞተሩን ባዶውን አሽከረከሩት፣ ዘይቱ ላይ እንዲወጣ። ከዚያ መልሰው ገጠሙና ቁልፉን ለአባዬ ሰጡት። ቀዩ የዘይት መብራት በርቷል። ሞተሩ አንዴ አስነጠሰ፣ ሁለተኛ አስነጠሰ፣ ያዘ። መብራቱ አልጠፋም፤ ዘይቱ ገና አልደረሰም ማለት ነው። “አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት” ብዬ መቁጠር ጀምሬ አራት ላይ ስደርስ ድርግም! ጠፋ። ጋሽ ገመቹ “ገለትኒ ዋቃዮፍ ሃ ተኡ!” ብለው ፈጣሪን እያመሰገኑ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ፣ እኔ አሜን አልኩ፣ አባዬ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው ነዳጁን ረገጥ ለቀቅ ያደርጋል።

ሥሯ ካርቶን አንጥፈን ግማሽ ሰዓት አስነስተን ተውናት። አንዲት ጠብታ የለም። ጋሽ ገመቹ ሦስቴ ይቅርታ ጠየቁኝ፣ እኔም ስለ ሲልኮኑ አፌ እንደረዘመ አመንኩ። ከድር ሱቁን ዘግቶ መጥቶ ሲያይ፣ “ናሙናው ልክ ነበራ!” አለ፣ ራሱ የሠራው ይመስል።

እሁድ፣ የካቲት 22

ከቤተ ክርስቲያን መልስ እስከ አዋሽ መልካሳ ነዳን። እኔ ነድቼ አባዬ ጎኔ። መስኮቱን ከፍቶ ክንዱን አውጥቶ። ልጆች በባጃጅ እየቀደሙን “ብርቱካን! ብርቱካን!” ይላሉ፣ ስሟን ማን እንደነገራቸው እንጃ።

ድልድዩ ጋ ሳንደርስ ጥግ ይዤ አቆምኩ። ከዚህ በላይ መሸከም አልቻልኩም። ሁሉንም ነገርኩት፤ መጠርጠሬን፣ ሞጆ ላይ መጠየቄን፣ የሐኪሙን ቀጠሮ። ማክሰኞ የጻፍኩትን ዝርዝር ሳላስቀር።

“እኔም ራሴን ጠርጥሬ ነበር” አለኝ። “ማክሰኞ ገመቹ የለም ሲል፣ ምናልባት በሕልሜ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ስም እንደሚጠፋብኝ አውቃለሁ። የቶርኖ ቤቱንም ቦታ ተሳስቼ ነግሬሽ ይሆናል። ቁልፉን ፍሪጅ ውስጥ መክተቴንም አውቃለሁ። እሱ አላስፈራኝም።”

“ታዲያ ምን አስፈራህ?”

“አንቺ። ‘እሺ አባዬ’ ስትዪኝ። ከልጅነትሽ ጀምሮ በአንድ ነገር እሺ ብለሽኝ አታውቂም። በዚያች ቀን፣ በቃ አበቃልኝ ማለት ነው አልኩ።”

መሐረቡን አውጥቶ ሰጠኝ።

“ስረሳ አስታውሺኝ። ስሳሳት ተጨቃጨቂኝ። ግን እሺ እሺ እያልሽ አታሳልፊኝ” አለ። ሐሙስ ሐኪሙ ጋ እንሄዳለን፣ እሱም አምኖበታል። ከዚያ ቀበቶውን አስተካከለና “በብርቱካን ነው የምንሄደው፣ እኔ ነኝ የምነዳው” አለ።

“አዲስ አበባ ድረስ? በዚያ ሁሉ ከባድ መኪና መሐል? አብደሃል እንዴ አባዬ!” አልኩት።

እስከ ቤት ድረስ ተጨቃጨቅን።