ከጅግጅጋ የመጣው ካርድ

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ጥቁር ነው። ሦስት ጊዜ ነቅዬ ሦስት ጊዜ መልሼ ሰካሁት፤ አሁንም ጥቁር። «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ለአፍታ ብቅ ይልና እሱም ይጠፋል።

አዲሱ ግራፊክስ ካርድ ትናንት ነው የደረሰኝ። ባሌ ደሳለኝ ጅግጅጋ ገዝቶ ወደ ባሕር ዳር ለሚመጣ የሥራ ባልደረባው ሰጠው፤ ከዚያ በሚኒባስ እስከ ወረታ መገንጠያ። በራሱ ሹራብ ጠቅልሎታል። ሹራቡን ለበስኩት። ቀኑ ሐሩር ነው፤ ቢሆንም ለበስኩት።

የድሮውን ካርድ የገደለው አጠገባችን ያለው የሩዝ መፈልፈያ ነው። አዝመራው ከገባ ወዲህ ቀኑን ሙሉ ሲያጓራ ይውላል፤ የቅርፊቱ ብናኝ በመስኮት ይገባል፣ በበር ሥር ይገባል፣ አፍ ውስጥ ሳይቀር ይገባል። ደሳለኝ እያለ በየሳምንቱ ኬዙን ከፍቶ በብሩሽ ይጠርገው ነበር። የሠርግ ቪዲዮ ስቱዲዮውን ስንከፍት ሥራ የተከፋፈልነው እንዲያ ነው፤ ካሜራውና ቅንብሩ የኔ፣ ማሽኑ የባሌ። ለሦስት ወር ብሎ የኔትወርክ ማማ ሊተክል ሄደ። ይኸው ዓመት ከአንድ ወር ሆነው።

ደወልኩለት።

«ማራገቢያው ይዞራል?» አለኝ።

«የቱ?»

«የካርዱ።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። አይዞርም።

«ገብቶኛል። ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ የሚመጣ ሌላ ገመድ አለ፣ እሱን...» እያለ መስመሩ ተቆረጠ። መልሼ ብሞክር እምቢ አለ።

የጥር ሠርግ አራት ተቆልሎብኛል። ሦስቱ ይጠብቃሉ። አንዱ፣ የሙሉነሽ፣ አይጠብቅም።


ረቡዕ፣ የካቲት 5

ገመዱን አገኘሁት! ኬዙ ውስጥ፣ ከኋላ በኩል በላስቲክ ታስሮ ተቀምጧል። ስምንት ቀዳዳ አለው። ጣቴ እስኪቀላ ገፋሁት፤ ቀጭ አለ። ማራገቢያው ዞረ። ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ምስልም መጣ። ግን ምን ምስል ነው! ፊደሉ ሁሉ አብጧል፣ ሰው ሁሉ ሰፍቷል። የቅንብር ፕሮግራሙ ጭራሽ አልከፈትም አለ። ካርዱ ገባ እንጂ ማሽኑ ገና አላወቀውም፤ ሁለቱን የሚያግባባው ፕሮግራም፣ ድራይቨሩ፣ አልተጫነለትም።

እንዲህ ተጎልቼ ሳለሁ እትዬ የሻረግ በሩ ላይ ቆሙ። የሙሉነሽ እናት ናቸው። ከቁሐር ሚካኤል በእግራቸው መጥተዋል።

«ደረሰ ወይ ልጄ?»

«አልደረሰም እትዬ። መኪናው ታሞብኛል።» ኮምፒውተር ከማለት መኪና ማለት ቀለለኝ።

ተቀመጡ። እግራቸውን እያሹ ስክሪኑን አዩት። እሳቸው የልጃቸውን ሠርግ አላዩም። ሊድሯት አምስት ቀን ሲቀር ሆዳቸውን ታመው ደብረ ታቦር ሆስፒታል ገቡ፤ ቀዶ ጥገና ሆነ። ድግሱ ተደግሷል፣ ዘመድ ተጠርቷል። አልጋ ላይ ሆነው «እንዳታስቀሩት» ብለው የላኩት ራሳቸው ናቸው። ሲወጡ ሙሉነሽ የለችም፤ ባሏ ወደሚሠራበት ወደ ሐዋሳ ሄዳለች። እናት ልጇን በሙሽራ ልብስ አላየቻትም። ያየኋት እኔ ነኝ፤ በካሜራ ቀዳዳ።

«እሑድ ወንዛዬ እወርዳለሁ፣» አሉኝ። «ለእግሬ ፍል ውኃው ይሻልሻል ብለውኝ። ሁለት ሱባኤ እቆያለሁ። አይቻት ብሄድ ደስ ይለኝ ነበር።»

«ቅዳሜ ይምጡ፣» አልኩ። ከአፌ ካመለጠ በኋላ ደነገጥኩ።


ሐሙስ፣ የካቲት 6

ዛሬ ያደረግኩት፦

ድራይቨሩን በስልኬ ኢንተርኔት ማውረድ ጀመርኩ። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ተቋረጠ።
እንደገና። ተቋረጠ።
ስልኩን መስኮቱ ላይ ሰቀልኩት፣ ኔትወርኩ እዚያ ይሻላል። ብናኙን ታገስኩ። ወረደ!
ጫንኩት። «ሪስታርት አድርግ» አለኝ፣ አደረግኩ።
የማስነሻው ምልክት መጣ፣ ክቡ ሁለት ጊዜ ዞረ፣ ከዚያ ጥቁር።

ከማክሰኞ የባሰ ሆነ። ማክሰኞ ቢያንስ የጎደለው ገመድ ነበር።

ደሳለኝ ከሥራ ሲወጣ ደወለ። ድምፁ ጥርት ብሎ ነው የመጣው፤ እንደ ዛሬ ጥርት ብሎ አያውቅም።

«የድሮውን ካርድ ድራይቨር አውጥተሽዋል?»

«ማውጣት ያስፈልጋል እንዴ?»

«ማስቴ!» ሳቀ። ማስተዋል ብሎ በሙሉ ስሜ የሚጠራኝ ሲቆጣ ብቻ ነው። «የድሮው እዚያው ቁጭ ብሎ አዲሱ ሲመጣበት ይጣላሉ። ምስሉን የሚልከው ማን ይሁን?»

ከዚያ ማሽኑ ያለ ድራይቨር በባዶው የሚነሳበትን፣ ሴፍ ሞድ የሚባለውን፣ አስረዳኝ። ማሽኑ ሲነሳ ሦስት ጊዜ አቋርጬ ማጥፋት፤ በአራተኛው ሰማያዊ ገጽ ያመጣል፤ ከዚያ ውስጥ መምረጥ። በወረቀት ጻፍኩ። ደጋግሞ አስነበበኝ። እንዴት እንደሚታገስ ረስቼው ነበር።

ሰዓቱን ሳየው ሃምሳ ደቂቃ አውርተናል። ሃምሳ! በሌላ ጊዜ እንዲህ ነን፦ «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ። አንተስ?» «ደህና ነኝ። በይ እንግዲህ።» አለቀ። ከመስከረም ወዲህ ከአምስት ደቂቃ የዘለለ ወሬ አልነበረንም። ይህ ካርድ እምቢ ባይል ምን እናወራ ነበር?

ስለ ፋሲካ ልጠይቀው ፈለግኩ። ትመጣለህ ወይ ልለው። ስለ ሰማያዊው ገጽ ጠይቄው ዘጋሁ።


ዓርብ፣ የካቲት 7

እስከ እኩለ ቀን መብራት የለም። መፈልፈያውም ዝም አለ። መንገዱ ላይ የሰማሁት የባጃጅ ጡሩምባና ወደ ጎንደር የሚያልፉትን የጭነት መኪናዎች ብቻ ነው።

መብራት እንደመጣ ጀመርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ አጠፋሁ። በአራተኛው ሰማያዊው ገጽ መጣ፣ ልክ እንዳለው። የድሮውን ድራይቨር አገኘሁት፣ አጠፋሁት። አዲሱን ጫንኩ። ሪስታርት። ዓይኔን ጨፈንኩ።

ስከፍት ስክሪኑ ጥርት ብሏል። ፊደሉ ልኩን ይዟል።

ደስታዬ ሩብ ሰዓት አልቆየም። ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ፣ ከዚያ ጠፋ፣ መጣ፣ ፊደሉ ተመልሶ አበጠ። ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ደሳለኝ ሥራ ላይ ነው፣ ማማ ላይ ወጥቶ ስልክ አያነሳም። ስለዚህ ራሴን ጠየቅኩ፤ ምን ተለወጠ? ምን ነካሁ?

ምንም አልነካሁም። የስልኬ ኢንተርኔት ግን ከትናንት ጀምሮ ከማሽኑ አልተነቀለም።

ገባኝ። ማሽኑ ኢንተርኔት ባገኘ ቁጥር ሳይጠይቀኝ ራሱ የመረጠውን ድራይቨር አውርዶ የኔ ላይ ይጭናል። ኢንተርኔቱን ነቀልኩ። እንደገና ሴፍ ሞድ፣ እንደገና ማጥፋት፣ እንደገና መጫን። በራሱ እንዳያድስ ማዘዣውን ፈልጌ ዘጋሁት። ይህን ማንም አልነገረኝም። እኔ ነኝ ያገኘሁት።

አሥር ሰዓት ላይ የሙሉነሽን ሠርግ ከፈትኩ። ዘፈኑ ተለቀቀ። ሳይንተፋተፍ፣ ሳይቆም፣ ሙሉ ቀለሙን ይዞ። ከስንት ቀን በኋላ ሥራዬን አየሁት።

እስካሁን ጥሩ ነው። አሁን ማንም የማያነበው ደብተር ላይ እውነቱን ልጻፍ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደሳለኝ ደወለ። ገና ሰላም ሳይለኝ «እንዴት ሆነልሽ?» አለ።

«ገና ነው፣» አልኩት።

ለምን እንደዋሸሁ አውቃለሁ። ተስተካክሏል ብለው «ጎበዝ!» ይለኛል፣ ደስ ይለዋል፣ ከዚያ «በይ እንግዲህ»። እኔ «በይ እንግዲህ»ን አልፈለግኩም።

አንድ ሰዓት አወራን። ያልተበላሸውን ሲጠግን አመሸ። ገመዱን ነቅለሽ ስኪው አለኝ፤ ነቅዬ ሰካሁት አልኩት፣ እጄን ሳላንቀሳቅስ። መሐል ላይ ስለሚበላው ነገር ነገረኝ፤ ከማማው ላይ ስለሚታየው ግመል ነገረኝ፤ ከኔ ጋር ሆኖ ቢያየው ብሎ እንደነበር ነገረኝ። ስንዘጋ ፊቴ ይግል ነበር። ከደስታ ይሁን ከእፍረት አላውቅም።


ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ከጠዋት ጀምሬ ቅንብሩን ስጨርስ ውዬ እትዬ የሻረግ ስምንት ሰዓት ላይ ደረሱ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ቅቤ ተቀብተው። ልክ ለሠርጉ እንደተጠሩ።

አንድ ቦታ ላይ ስጨነቅ ነበር። ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ፣ ሁሉም እያጨበጨበ፣ ሙሉነሽ ቆም ብላ ወደ ኋላ ዞረች። ወደ ቤቱ በር። ስምንት ሰከንድ ያህል። በደንቡ እንዲህ ያለው ተቆርጦ ይጣላል፤ ሙሽራ አታዝንም፣ ወደ ኋላም አታይም። ቆርጬው ነበር። ዛሬ ጠዋት መለስኩት።

እትዬ የሻረግ ፈገግ እያሉ ነው የጀመሩት። «ይች የወንድሜ ሚስት፣ እንዴት አጊጣለች!» «በሬው የኔ ነው፣ አየሽው?» ሙሽራዋ ስትመጣ ነጠላቸውን ሰበሰቡ። እዚያ ቦታ ላይ ስትደርስ እጃቸውን አነሱ።

«አቁሚልኝ።»

አቆምኩት። የልጃቸው ፊት ስክሪኑን ሞላው።

«ማንን ነው የምትፈልግ?»

«እርስዎን ይመስለኛል።»

አላለቀሱም። ወደ ስክሪኑ ቀርበው ረጅም ጊዜ አዩአት። የሩዝ መፈልፈያው ግድግዳውን እያንቀጠቀጠው ነበር፤ የሰሙት አይመስለኝም።

«ስልክ ስትደውል 'እንዴት ዋለ ሠርጉ' እላታለሁ። 'ደስ ብሎኝ ዋለ እማዬ' ትለኛለች። 'አንቺስ' ስትለኝ 'ድኛለሁ፣ ደህና ነኝ' እላታለሁ። እግሬን ይዞኝ ሦስት ሌሊት ሳልተኛ።» አንገታቸውን ነቀነቁ። «እናትና ልጅ ስንዋሻሽ ከረምን። ይሄን ባላይ ኖሮ አልናፈቅኳትም ብዬ እቀመጥ አልነበር?»

«ምን ሊሏት ነው?»

«ደውለሽ አገናኝኝ። አሁኑኑ።»

አገናኘኋቸውና ወደ ውጪ ወጣሁ። በበሩ ክፍተት የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አየሁሽ። ዞር ስትዪ አየሁሽ ልጄ።»

ሲወጡ ግንባሬን ሳሙኝ። እኔ ግን ቀና ብዬ ዓይናቸውን ማየት አልቻልኩም።


እሑድ፣ የካቲት 9

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ደወልኩ። እንዳልወላውል ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ።

«ደሳለኝ፣ ካርዱ ዓርብ ነው የተስተካከለ። አሥር ሰዓት ላይ። ስትደውልልኝ ሠርቶ ነበር። ዋሸሁህ።»

«ዐውቄያለሁ፣» አለ።

«ምኑን?»

«ስታወሪኝ ከኋላሽ የሠርግ ዘፈን ይሰማ ነበር። በማይሠራ ማሽን ማን ይዘፍናል?»

«ታዲያ ለምን ገመዱን ንቀይ ትለኛለህ!»

«አንቺ ለምን ነቀልኩ ትዪኛለሽ?»

ሳቅን። ከዚያ ሳቁ አለቀ። ድሮ ቢሆን እዚህ ላይ ነው «በይ እንግዲህ» የሚባለው። ቀደምኩት።

«ናፍቀኸኛል። ቤቱ ከብዶኛል። ሁሉን ነገር ብቻዬን ማወቅ አልፈልግም። ና።»

በሕይወቴ እንዲህ ብዬው አላውቅም፤ ስንጋባም እንኳ ሽማግሌ ነው የተናገረልኝ።

«ውሉ እስከ ሰኔ ነው ማስቴ፣» አለ። «እንዲሁ ጥዬ ብመጣ ሁለተኛ አይቀጥሩኝም። ለፋሲካ ፈቃድ ልጠይቅ። ይሰጡኛል አልልሽም። ማክሰኞ አለቃዬን አገኘዋለሁ።»

«እሺ።»

«የምትዪኝ ይህ ብቻ ነው?»

«እሺ አልኩ እንጂ ደስ ብሎኛል አላልኩም።»

«እኔም ደስ ብሎኝ አይደለም እዚህ ያለሁት፣» አለ። ይህንንም ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ዘጋን። ይፈቀድለት አይፈቀድለት አላውቅም። ፋሲካ ሩቅ ነው፣ ጅግጅጋም ሩቅ ነው። የቀሩትን ሠርጎች መቁረጥ ጀመርኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ እንደገና ደወለ። ምን ሆነ ብዬ የያዝኩትን ጥዬ አነሳሁ።

«ምነው? ምን ተፈጠረ?»

«ምንም አልተፈጠረም፣» አለኝ። «ዝም ብዬ ነው።»