የእናትሽ አጣጠፍ

ኦገስት 14 ቀን 2023

ለልጄ ለኡላሊ፣
ፓሪስ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? የዚያ አገር ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? እኔ ጉልበቴ እንደ ልማዱ ያስቸግረኛል እንጂ ደህና ነኝ። የቦዬ ተከላ ጀምረናል፤ ያንቺንም መደብ ራሴ ቆፍሬዋለሁ። ሌላው ወሬ ግን ደስ አይልም። ሁለት ሳምንት ሆነኝ፣ የምበላው ሁሉ አልዋጥ እያለኝ ነው። ሁሉ ነገር ቀፎኛል።

በጁን ወር የኒኬል ማዕድን ቆፋሪው ኩባንያ ሰዎች ወደ ሸለቆአችን መጡ። አለቃቸው ሙሴ ዱራን ይባላል፤ አዲስ ጫማ፣ አዲስ ባርኔጣ፣ ከኋላው ደግሞ ፎቶ አንሺ። ድሮ እንደነዚህ ያሉት ሳይጠይቁ ነበር የሚገቡት። ይሄኛው ግን ከጎሳው ትልቅ ጎጆ ፊት ቆመና እንደ ወጋችን ጨርቁን፣ ትምባሆውንና አንድ ሺህ ፍራንኩን መሬት ላይ አስቀምጦ፣ «ልንተዋወቃችሁ መጥተናል፤ በምድራችሁ እንድናልፍ ፍቀዱልን» አለ። መቼም ታውቂዋለሽ፤ ጨርቁን ካነሳሁት ቃሉን ተቀበልኩ፣ ከተውኩት ሰውየው በመጣበት ይመለሳል። አክስትሽ ሲዶኒ ከኋላዬ ሆና፣ «እንዳታነሳው! የዚህ ሰውዬ ፈገግታ ጥርሱ ላይ የተለጠፈ ነው» አለችኝ። እኔም ልተወው ነበር።

ግን አጣጠፉን አየሁ። አራት እጥፍ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ተሸጉጦ ጆሮ የምታህል ቁራጭ ብቻ ብቅ ያለችበት። እናትሽ «ጨርቁም የሚባለውን ይስማ» እያለች ታጥፈው የነበረው። ከእሷ ሌላ የሚችልበት አንቺ ብቻ ነሽ፤ እኔ ሠላሳ ዓመት እያየኋት አልቻልኩበትም። የእሷን እጅ ያየሁ መሰለኝና አጎንብሼ አነሳሁት። ፎቶ አንሺው የሚጠብቀው ይህንኑ ነበር።

በኋላ «ማን አጠፈው?» ብዬ ሙሴ ዱራንን ጠየቅኩት።

«ፓሪስ ዋናው ቢሮ ወጋችሁን የምታስተምረን ባለሙያ አለች፤ የዚሁ አገር ልጅ ናት። በቪዲዮ አሳይታን አሥር ጊዜ ተለማመድኩት!» አለኝ። ኮርቷል ደግሞ። ስሟን መጠየቅ አላስፈለገኝም።

በጁላይ መጨረሻ ወረቀቱ ደረሰን። «የጎሳው ሽማግሌ በባህሉ መሠረት ፈቃዱን ሰጥቷል» ይላል፤ ከሥሩ እኔ ጎንበስ ብዬ ጨርቁን ሳነሳ የሚያሳይ ፎቶ አለ። እኔ የፈቀድኩት እንዲያልፉ ነው። እነሱ የጻፉት ግን ኮረብታውን ከአናቱ እስከ ምንጩ እንደሚቆፍሩት ነው። እናትሽ የተኛችበትን ኮረብታ፣ ኡላሊ። መቃብሯ ካርታቸው ላይ በቢጫ ተከቦ «ሊነሳ የሚችል» ተብሏል።

ከፓሪስ ሆነው ደሴታችንን የሚገዙት ሰዎች አያቶቻችንን መሬታቸውን በጠመንጃ ነጠቋቸው፣ እኛን በሕግ። «ነፃነት ትፈልጋላችሁ ወይ?» እያሉ ሦስት ጊዜ የድምፅ ሣጥን አቀረቡልን፤ ዛሬም በተባበሩት መንግሥታት መዝገብ ራሳቸውን ከማያስተዳድሩት አገሮች ተርታ ነን። ለዚያ ሁሉ ቁጣ ነበረኝ፤ ቁጣ ደግሞ ሰውን ያቆማል። በገዛ ወጋችን ሲመጡብን ግን የተሰማኝ ቁጣ አይደለም፤ መጸየፍ ነው። የተጸየፍኩትም ዱራንን ብቻ አይደለም። አንቺንም ነው። ይኸው፣ ተናገርኩት።

የትኛው ሸለቆ እንደሆነ አልነገሩኝም ትዪኝ ይሆናል። እንዲያ ቢሆን ደስ ይለኛል። ግን የሌላ ሰው ሸለቆ ቢሆንስ ኖሮ? የሌላ ሰው እናትስ?

ከሳምንት በፊት፣ እሑድ ዕለት፣ ጎሳው ሲሰበሰብ ወረቀቱን አነበብኩላቸው። የአጎትሽ ልጅ ቴያ በሰው ፊት፣ «ጋሼ ባርናቤ፣ በሁለት ክንድ ጨርቅ ሸጥከን? ለሱሪ እንኳ የማይበቃ!» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሲዶኒ ግን አልሳቀችም፤ «አንተ ሰውዬ፣ አታንሳው አላልኩህም? ምን ነካህ?» አለችኝ። የመጨረሻው ገጽ ላይ «የባህል አማካሪ» ከሚለው ቀጥሎ ኡላሊ ናፖአሬያ ተብሎ ተጽፏል። ያንን ገጽ አላነበብኩላቸውም፤ ኪሴ ከተትኩት። ከዚያ ወዲህ ሰላም የሚለኝ የለም። ሲዶኒ እንኳ ሳህኑን አስቀምጣልኝ ሳታናግረኝ ትወጣለች።

ማሽኖቹ በኦክቶበር ይገባሉ። ቃልን መልሶ የሚወስደው የሰጠው ሰው ነው፤ ዱራን ደግሞ ያንን ቃል የተዋሰው ካንቺ ነው። ስለዚህ ጨርቁን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ሽማግሌዎቹ ሴፕቴምበር 23 ይሰበሰባሉ። ይዘሽው ነይና ከትልቁ ጎጆ ፊት ቆመሽ «ይህ ቃል የእኔ ነበር፤ መልሼ ወስጄዋለሁ» በይ። እነሱም ፈቃዱ እንዲሰረዝ ያንኑ ለፍርድ ቤት ይጽፋሉ። ሌላ መንገድ አላውቅም። ካልመጣሽም ስምሽን ከእኔ አፍ አይሰሙትም። ባርናቤ በጨርቅ ተገዛ ይበሉ።

የአያቶችሽ ምድር እርምጃሽን ታስታውስልሽ። እናትሽ ካለችበት አትለይሽ። ሆዴ ቢቆጣም መርቄሻለሁ፤ ምርቃቴን አልነሳሽም።

አባትሽ
ባርናቤ ናፖአሬያ

ጨርቁ ተጨማድዶ ቢደርስሽ አትዘኚብኝ። የእናትሽን እጅ የማገኝ መስሎኝ ፈታሁት። መልሼ ላጥፈው ሦስት ቀን ሞከርኩ፤ ያቺ ጆሮ አልወጣ አለችኝ።